ዋስ ያልተጠራበት ሽምግልና

እኔ አንድ ቦታ ተቀምጬ የማረጅ ሴት አልሆንኩም። ክረምቱን ጎንደር ከተማ ከወንድ ልጄ ቤት እከርማለሁ፤ እህሉ ሲደርስ ኮላ ድባ እህቴ ዘንድ እወርዳለሁ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከድብ ባሕር ወጣ ብላ ወደምትኖረው ሴት ልጄ እሄዳለሁ። ልጆቼ «የእናታችን እግር ወንበር አያውቅም» እያሉ ይስቁብኛል። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

በዚያ ጾም ልጄ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የቤቷን መጋደል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የሚነካው ሰው አልነበረም። ምሰሶውን ምስጥ ከታች በልቶታል። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ሆዱን ገፍቶ፣ ልጄ ከጎረቤት በለመነችው አንድ ግንድ ደግፋዋለች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ጣራው ሲንቋቋ ይሰማል። እሷና ልጆቿ ለምደውት ይተኛሉ፤ እኔ ግን አልለመድኩትም።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ቤት ዝም ብለሽ የምታይው?» አልኳት።

«እንጨቱ እስኪደርስ ነው እማ» አለችኝ። «ሁለት ክረምት ቢታገሠኝ ነው።»

እንጨቱ የምትለው ባሏ በሕይወቱ ሳለ ከምንጩ በላይ ያለችውን ቁራጭ መሬት ቆፍሮ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ሲተክለው ነበርኩ። «ይኸ ለምሰሶ፣ ያ ለቋሚ» እያለ ገና ጣት የማታህለውን ችግኝ በስም ሲለያት አይቼ ስቄበታለሁ። አሁን ችግኙ ከሰው ቁመት አልፎ ሄዷል፤ ለማገር እንጂ ለምሰሶ ግን ገና ነው።

ምንጩ ደግሞ ያን ጊዜ ታሞ ነበር። ታሞ ነበር የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ልጄን ለመዳር ወደዚያ አገር ስመጣ ከዓለቱ ሥር እንደ ክንድ ወፍሮ የሚወርድ ውሃ ነበር፤ እንስራው ሞልቶ እስኪፈስ ወሬ መጀመር እንኳ አይቻልም። በዚያ ጾም ግን እንደ ክር ቀጥኗል። የላይ ቤትም የታች ቤትም ሴቶች ጀሪካናቸውን በሰልፍ ደርድረው፣ ከምንጩ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ወሬው ያልቃል፤ ወሬ ሲያልቅ ደግሞ ጥል ይጀመራል።

የግብርና ባለሙያው መጥቶ ከምንጩ በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ በእጁ እያሳየ «ውሃችሁን የሚጠጣው እሱ ነው፤ ካላነሳችሁት ይደርቃል» ብሏቸው ሄዷል። ዛፉ የሦስት ባለቤት ነው። ትልቁ የአያ ነው። አያ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሰው፣ ጠጉሩ የሸበተው ሁሉ ሳይቀር፣ አያ ነው የሚላቸው። ቀጥሎ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከጥጉ ያለችው ትንሿ የልጄ ናት። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ዛፍ ያለው ዛፌን፣ የሌለው ውሃዬን እያለ አገሩ ለሁለት ተከፈለ።

አንድ ቀን ከምንጩ ላይ የአንዷ ጀሪካን በማጭድ ተቀደደ። ማን እንደቀደደው አልታወቀም። ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወጡ፤ የታች ቤቶቹ ዛፉን በእሳት እንለቀዋለን አሉ። አያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለቱ መካከል መሬት ላይ አነጠፉት። «ረግጣችሁ እለፉ እንግዲህ» አሉ። ማን ይረግጣል? ቆመው ቆመው ተመለሱ። ለእሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሾላው ሥር ሸንጎ እንዲሆን ተቀጠረ።

እሑድ ወንዶቹ በድንጋዩ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ከጎን በሣሩ ላይ ተቀመጥን። አያ ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«እኔ ዛፍ ያለኝ ሰው ነኝ። ዛፍ ያለው ሰው ለዛፍ ነገር ሰብሳቢ ሊሆን አይገባም። ሌላ ምረጡ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። «ኧረ አያ፣ ያለ አንቱ ማን ያስታርቀናል?» «አንቱ እያሉ ሌላ ማን ይቀመጣል?» እምቢ ቢሉም አልሰማቸውም፤ ጎትተው አስቀመጧቸው። ዛሬ ሳስበው ነገሩ ከዚያ ላይ ነው የተንሻፈፈው። ያን ጊዜ ግን እኔም «ደግ አደረጉ» ብያለሁ በሆዴ።

ቄሱ ተናገሩ። «የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ የታቦት ነው። በእኔ ፈቃድ ቅርንጫፉም አይነካ።»

ከታች ቤት አንዲት ምላሷ የሰላ ሴት አለች። ጀሪካኗ የተቀደደባት እሷ ናት። ከሣሩ ላይ ሳትነሣ «አባ፣ ጸበሉ የሚቀዳው ከዚሁ ምንጭ አይደለም እንዴ? ሲደርቅ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሊያጠምቁን ነው?» አለቻቸው።

ሰው ሳቀ። ቄሱም ሊስቁ ሲሉ ጢማቸውን ያዙት።

«ሴትዮ፣ ተራሽን ጠብቂ» አለ አንዱ ከድንጋዩ ላይ።

«ተራ ስጠብቅማ ከጾም መግቢያ ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለች። «እናንተ ዛፍ ትቆጥራላችሁ፣ እኛ ጠብታ እንቆጥራለን።»

አያ እጃቸውን አነሱ፤ ዝም ተባለ። ፀሐይዋ ከአናት እስክትዞር ተነጋገሩ። አንዱ ግማሹ ይቆረጥ ይላል፣ ሌላው ውሃው በተራ ይቀዳ ይላል። በመጨረሻ አያ «ውሃ ከሌለ ዛፉን የሚቆርጠውም ሰው የለም፤ የኔ ይነሣ» ሲሉ ነገሩ ረገበ። ያ ዛፍ የእርጅናቸው ጧሪ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ቄሱም አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ አያ ካሉ፣ ምእመናኑን ጠይቄ የእኛም ይነሣ» አሉ።

ልጄ ብቻ ቀረች። ሁሉም ዘወር ብሎ ወደ እሷ አየ።

ተነሣች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «የእኔ ገና ለማገር ነው። ዛሬ ከወደቀ ጭራሮ ነው። ቤቴን በምን ላቁመው?»

«ዛፉ የብቻሽ ነው፤ ውሃው ግን የሁላችን ነው» አላት ከታች ቤት አንድ ጎልማሳ።

«ቤቱ ሲወድቅም ከሥሩ የምገኘው ብቻዬን ነኝ» አለችው። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ግን ሰው ሁሉ ሰማት።

አያ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ልጄ፣ ልክ ነሽ። ምሰሶሽና ቋሚሽ ከኔ ይሁን። ዛፌ ሲወድቅ ቀጥ ቀጥ ያለውን አስቀድመሽ ትወስጃለሽ። የጣራውን ወራጅ ቤተ ክርስቲያን ትስጣት። ጭቃውን የታች ቤት ወንዶች ወጥተው ያቡኩላት፣ ውሃ የሚጠጡት እነሱ ናቸውና። ይኸ ይበቃሻል?»

ሸጋ ፍርድ ነበር። ዛሬም ቢሆን ሸጋ ነበር እላለሁ። ቄሱም እሺ አሉ፤ ጎልማሳውም እሺ አለ። ልጄ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ከዚያ አያ እንደ ደንቡ «ዋስ ልጥራላት?» አሉ።

በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲስማማ ዋስ ይጠራል። ቃል የሰጠው ሰው ቢቀር፣ ቢሄድ፣ ቢሞት፣ ዋሱ በእሱ ቦታ ይቆማል። የበሬ ነገርም ቢሆን፣ የድንበር ነገርም ቢሆን ያለ ዋስ አይታሰርም። ግን የአያ ዋስ ማን ሊሆን ነው? የሁሉ ዋስ እሳቸው ናቸው።

«በስመ አብ! አንቱ ዋስ?» አለ አንዱ። «አያን ዋስ ጠርተን የት ልንገባ ነው?» አለ ሌላው። ምላሷ የሰላችው ሴት እንኳ «ይኸስ ነውር ነው» አለች።

አያ አልተቀመጡም። ልጄን እያዩ ቆዩ። «አንቺስ?» አሏት።

ልጄ መሬት መሬት እያየች «ኧረ አይገባም አያ» አለች።

ተማማሉ። «ያፈረሰ ይፍረስ» አሉ አያ። «አሜን» አልን ሁላችንም።

ማታ ራት ስንበላ «ምነው ልጄ፣ ዋስ ልጥራ ሲሉሽ እሺ ብትይ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«አንቺ ብትሆኚ ትይ ነበር?»

አልልም ነበር። ጉርሻዬን ዋጥኩ።

ለቆረጣው በዓል የሌለበት ቀን ተፈለገ። ሰኞ የአንዱ መልአክ ነው፣ ማግሰኞ የሌላው ጻድቅ ነው እየተባለ ብዙ ቀን ሄደ። በመካከሉ አያ አንድ ጧት ምሳራቸውን ይዘው ዛፋቸው ውስጥ ሲዞሩ አየኋቸው። ቀጥ ያለውን ግንድ እየመረጡ ልጡን ትንሽ ትንሽ ይልጡታል። «እነዚህ የልጅሽ ናቸው» አሉኝ ከሩቁ። «ማንም እንዳይሳሳት ምልክት እያደረግሁባቸው ነው።» ያን ጧት ነጭ ነጭ ሆኖ የታየው የግንዱ ገላ እስከ ዛሬ በዐይኔ ላይ አለ።

ቀኑ ሲደርስ ሰው ሁሉ ምሳሩን ስሎ ወጣ፤ አያ ግን አልወጡም። ሌሊቱን ደረታቸውን ይዟቸው አድሯል፤ ተኝተዋል ተባለ። ቄሱ ደግሞ ቆመዋል፣ ግን ምሳር አልያዙም። ከቤተ ክህነት ፈቃድ ጠይቀው መልሱን እየጠበቁ ናቸው።

ሰው ሁሉ እዚያው ቆመ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ምሳር ሳያሳርፍ በሽማግሌ ዛፍ ላይ ማን ምሳር ያነሣል? አያ ደግሞ ከተኙበት ሆነው «ጀምሩ» ብለው ልከዋል። እንዲያ ቢልኩም አንድም ሰው አልደፈረም። «ሲሻላቸው በእጃቸው ያስጀምሩናል» ተባባሉ። አክብሮት ነው እንግዲህ። ክፋት ያለበት ሰው አልነበረም፤ እምላለሁ፣ አንድም አልነበረም።

«ታዲያ ተስሎ የወጣ ምሳር ባዶውን ይመለስ?» አለች ምላሷ የሰላችው ሴት። «ከእሷ እንጀምር። እሷ ቆማለች፣ እሺም ብላለች።»

ሁሉም ቀለለው። ልጄ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ከአንዱ እጅ ምሳር ተቀበለችና ባሏ «ይኸ ለምሰሶ» ያለውን ዛፍ መታችው። ቀጭን ነው፤ ብዙም አልታገለም። የቀረውን ወንዶቹ ጨረሱላት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዛፍ ሲወድቅ ዝም ማለት ከብዷቸው ይሆናል። ቀትር ሳይሆን የባሏ ድካም ሁሉ በአጥሯ ጥግ እንደ ጭራሮ ተከመረ።

አያን ልጠይቃቸው ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝተው ትንፋሻቸው አጥሯል። ባለቤታቸው ከራስጌያቸው ተቀምጣለች።

«የልጅሽ ተቆረጠ?» አሉኝ።

«ተቆረጠ አያ።»

«ከኔ ጀምሩ ብዬ ነበር እኮ።»

«አንቱ ሳይነሡ ማን ይድፈር ብለው ነው።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤታቸው «አይናገሩ፣ ይደክምዎታል» አለቻቸው። «ትንሳኤን ውዬ እነሣለሁ» አሉ። «አይዞሽ በያት።»

ትንሳኤ ዋለ። በሳምንቱ አያ አረፉ።

መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነበር። ከጎንደር ማኪና አይመጣም፤ እኔም ወደ ወንድ ልጄ መመለስ አልቻልኩም። የአያ ልጆች ደባርቅም ጎንደርም ያሉት ለቀብር አልደረሱም። አባታቸውን ጎረቤት ቀበራቸው። ልጆቹ መንገዱ ተከፍቶ ሲገቡ መቃብሩ ላይ ያለቀሱትን ለቅሶ አልረሳውም። ካልቀበሯቸው እንግዲህ የዐርባውን ተዝካር በደንብ ሊያወጡላቸው ቆረጡ። ማን ይፈርድባቸዋል? ትልቅ ዳስ ይጣል ተባለ።

ለዳስ እንጨት ያስፈልጋል። ታናናሾቹ ልጆቻቸው ምሳር ይዘው ወደ አያ ዛፍ ገቡ። ሟቹ ምልክት ያደረጉበት፣ ቀጥ ቀጥ ያለ ግንድ አገኙ። አባታችን ለራሳቸው አስበው መርጠውታል አሉ፤ ቆረጡት።

ልጄ ከተዝካሩ ዋዜማ ጀምሮ ውሃ ስታመላልስ ሰነበተች። ምንጩ የባሰ ቀጥኗል፤ ሴቶቹ ለተዝካሩ ቅድሚያ ሰጥተው ለራሳቸው ቤት በኋላ ይቀዳሉ። በማግሥቱ ሰው ዳሱን ሞልቶ ሲበላ እሷ ጣሳ ይዛ በመካከሉ ስታልፍ አያታለሁ። በእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር ስታልፍ እጇ ልጡ በተላጠበት ላይ ያርፋል። በለቅሶ ቤት ምሰሶ አይጠየቅም።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሽማግሎቹ የአያን ታላቅ ልጅ ከሾላው ሥር አስቀምጠው ነገሩን ነገሩት። ትሑት ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማቸው።

«አባታችን ያሉትን አልክድም» አለ። «ግን እኛ ብዙ ነን፤ ገና አልተካፈልንም። እህቶቼና ወንድሞቼ በሙሉ እሺ ሳይሉ እኔ ብቻዬን አንዲት ዛፍ ልነካ አልችልም። ለመሆኑ ዋስ ነበረበት?»

ሽማግሎቹ ተያዩ።

«አልነበረም» አለ አንዱ።

«ቢኖር እሱን ይዤ እጠይቃቸው ነበር። ሩቅ ያሉት በስልክ 'እኛ ባልነበርንበት የተማለ መሐላ አይይዘንም' ነው የሚሉኝ። ምን ላድርግ አባቶቼ?»

ምን ያድርግ? እንደ ልጅም እንደ ወንድምም ትክክል ነበር። ቄሱ ቀጠሉና «የአያ ቤት ዛፍ ሳይቆረጥ የታቦቱን ባስቆርጥ ምእመናኑ ምን ይለኛል?» አሉ። እሳቸውም ትክክል ነበሩ። የታች ቤቱ ጎልማሳ «ዛፉ ሳይነሣ ጭቃ አቡኩ ብላቸው ማን ይከተለኛል?» አለ። እሱም ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ገባ። ልጄ ከሣሩ ላይ ብቻዋን ቀረች።

በማግሥቱ ከምንጩ ሄድን። ሰልፉ ያው ነው። ምላሷ የሰላችው ሴት ከፊት ነበረች። ልጄን ስታይ ተነሣች፤ የራሷን ጀሪካን አነሣችና የልጄን ከቦታው አስቀመጠችው። እሷ ከኋላ ሄዳ ቆመች። ስንቱን ስትናገር የኖረች ሴት ያን ቀን አንድ ቃል አላወጣችም።

ዳሱ ሲፈርስ የአያ ባለቤት አስጠራችን። ልጆቿ እንጨቱን ወደ ማኪናው እየጫኑ ነው። አንዱን ግንድ በእጇ ይዛ ቆማለች።

«ይኸ የእሷ ነው» አለቻቸው። «ምልክቱን ያደረጉት አባታችሁ ናቸው፤ ሲያደርጉትም አይቻለሁ።»

«ሁሉም ምልክት አለበት እኮ እናታችን» አላት ታናሹ።

«ሁሉም የእሷ ነበራ» አለች።

ታላቁ ግንዱን ተቀብሎ በትከሻው እስከ ልጄ ደጅ ድረስ ተሸከመላት። ሌላው ተጭኖ ሄደ። ያን አንድ ግንድ ከሚያቃስተው ግድግዳ ሥር፣ ከድሮው ድጋፍ አጠገብ ደገፍነው። ቤቱ በሁለት በትር ቆመ።

ክረምቱ ገባ። ምንጩ በዝናቡ ትንሽ አገገመ፤ ሰው ረሳው። ሲበጋ መልሰው ያስታውሱታል። መንገዱ ስለተከፈተ እኔም ወደ ጎንደር ልመለስ ዕቃዬን ቋጠርኩ። ከመሄዴ በፊት ልጄን ፈልጌ ወደ ጥጓ መሬት ወጣሁ።

ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት አይሞትም። ጉቶው ሁሉ ዙሪያውን አቆጥቁጧል፤ ቀንበጡ እንደ ቀይ ምላስ ወጥቷል። ልጄ በዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብላ ከጉቶ ጉቶ እየሄደች ቀንበጡን በጣቷ ትገነጥላለች። ከአጠገቧ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ የአያ ዛፍ፣ እንዳለ ቆሟል፤ ውሃው ከቅጠሉ ይንጠባጠባል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«እንዳያድግ ነው።»

«ተይው ልጄ። የማንም አልተቆረጠ። ይደግልሽ።»

«አሜን ብያለሁ እማ።» ቀና ብላ ቁልቁል ወደ ቤቷ አየች። «ያፈረሰ ይፍረስ ሲሉ አሜን ብያለሁ። በዚህ ላይ ደግሞ ይኸ ሊፈርስ የደረሰ ቤት።»

ጎንበስ ብዬ ከእሷ ጋር ልገነጥል ስል እጄን ያዘችኝ። «አንቺ አልማልሽም፣ እንግዳ ነሽ» አለችኝ። አሜን ያልኩትን አልሰማችም መሰለኝ።

የገነጠለችውን ቀንበጥ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። «ስትወርጂ የዚያችን የተናጋሪዋን ቤት ታልፊ የለ? ልጇን ጉንፋን ይዞታል። አፍልታ ትጠነው፤ ስጫት።»

ይዤላት ወረድኩ። ከበሩ ሆና ስትቀበለኝ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችኝም። ሽታው ይናገራል።